«ተመልካቹ አይወደውም» ለምትሉት፣ ለተመልካቹም ጭምር፦ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ፊልም እየመረጣችሁ ለምታሳዩ የሲኒማ ቤት ሥራ አስኪያጆች፣ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች የመርሐ ግብር ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ትኬት ገዝተን ለምንገባው ተመልካቾች

ጉዳዩ፦ ሳይታዩ ስለሚፈረድባቸው ፊልሞች

በቅድሚያ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ።

በአገራችን ስለ ፊልም በሚደረግ ጨዋታ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጠፋም፤ እርሱም «ፊልሙ ጥሩ ነው፤ ግን ተመልካቹ አይወደውም» የሚለው ነው። ፊልም ሠሪው ይህን ከሲኒማ ቤቱ ኃላፊ ይሰማዋል፤ የቴሌቪዥን መርሐ ግብር አዘጋጁ ከአለቃው ይሰማዋል፤ ተመልካቹ ደግሞ ለምን ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ፊልም ብቻ እንደሚያይ ሲጠየቅ «የሚያሳዩን ይህንኑ ነው፤ ምን እናድርግ?» ብሎ ይመልሳል። አሳዪው በተመልካቹ፣ ተመልካቹም በአሳዪው እያመካኘ ብዙ ፊልም በመካከሉ በሌለበት ይፈረድበታል። ክሱ ሲነበብ ደግሞ ሁልጊዜ ፊልሙን ከማየት በፊት ሊታወቅ በሚችል ነገር ላይ የቆመ ነው፦ ቀለም የለውም፣ የሚነበብ ጽሑፍ አለው፣ ዝግ ይላል፣ የገጠር ነው፣ አማርኛ ነው፣ አማርኛ አይደለም፣ የሚታወቅ ተዋናይ የለበትም፣ አያስተምርም። ከእነዚህ ክሶች አንዳንዶቹን አንስቼ ልከራከር፣ በመጨረሻም ከእናንተ አንድ የተወሰነ ነገር ልጠይቅ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

ፍርዱ ከፊልሙ ቀድሞ መምጣቱ በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም ይታይበት የነበረውን የመጀመሪያውን ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደጠራው የከተማዋን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያውቃል። በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በግድግዳ ላይ፣ ሥጋና ደም የሌለው ሰው ሲሄድና ሲስቅ ማየት ለዚያ ዘመን ሰው የሚያስፈራ ነበርና በስያሜው አልፈርድም። የዚያው ሕዝብ ልጆችና የልጅ ልጆች ግን በሲኒማ ኢትዮጵያ፣ በአምፒር፣ በአምባሳደርና በመርካቶው ሲኒማ ራስ በር ላይ ተሰልፈው ትኬት ቆርጠዋል። ማንም ተከራክሮ አላሳመናቸውም፤ ገብተው አዩና ፍርሃቱ ቀረ።

አሁን ወዳለንበት ዘመን ልምጣ። «እኔ የአማርኛ ፊልም አላይም» የሚለው ቃል በተማረው የከተማ ሰው ዘንድ እንደ ማዕረግ ይነገራል። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው፦ ሁሉም የፍቅር ኮሜዲ ነው፣ ድምፁ አይሰማም፣ ታሪኩ ገና ከፖስተሩ ይታወቃል፣ ሀብታም ቤት ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ ያልቃል። ይህ ክስ ጨርሶ ሐሰት ነው አልልም፤ በተለይ የሶፋው ነገር እውነት ነው። ነገር ግን ከሳሹ ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ አይጠይቅም፣ ከዚህ የተለየ ሲሠራም አያይም። በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ከቀረበው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ተነስቶ በሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» በኩል ያለፈው የአገር ውስጥ ፊልም ለረጅም ዘመን በጣት የሚቆጠር ነበር። በደርግ ጊዜ ሲኒማ ቤቶቹ ተወረሱ፤ ያኔ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽንም ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላ ተዘጋ። የአማርኛ ፊልም በብዛት መታየት የጀመረው በ1990ዎቹ፣ በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸ ሥራ በፕሮጀክተር በሲኒማ ቤት ማሳየት ሲቻል ነው። ያን ፊልም የሚሠራው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የራሱንና የዘመዶቹን ገንዘብ ያፈሰሰ፣ ያንንም በጥቂት ከተሞች ከሚገኙ ጥቂት አዳራሾች ለቅሞ መመለስ ያለበት ሰው ነው። ስለዚህ ባለፈው ወር ሰልፍ ያስያዘውን ፊልም መልሶ መሥራቱን የሐሳብ ድርቀት ብቻ አድርገን ልንወስደው አይገባም፤ ዕዳ የሚያስከትለውን መንገድ መሸሽ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ «አላይም» ያለው ተመልካች ራሱን ከቆጠራው አውጥቷል፤ ፊልም ሠሪው ለቀረው ተመልካች ይሠራል፣ የወጣው ሰውም በሚቀጥለው ዓመት በፖስተሩ ፊት ሲያልፍ «አላልኳችሁም?» ይላል።

በዚህ መሐል ግን የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀይ ስህተት» የቀይ ሽብርን ዘመን አንስቶ ነበር። የቅድስት ይልማ «ረቡኒ» ቀርቦ ነበር። የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ» ደግሞ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ፍርድ ፍለጋ የሚጓዙበትን የቀድሞ ሥርዓት ይዞ፣ ሁለት የሚጠላሉ ሰዎች አንድ መንገድ ሲሄዱ፣ አብረው ሲበሉና አብረው ሲተኙ ምን እንደሚሆኑ የሚጠይቅ ፊልም ነው። ይህን ፊልም ያላየ ሰው የአማርኛ ፊልም ሁሉ ሶፋ ላይ ነው ሲል ስሰማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሙግቱን ለመቀጠል ትዕግሥት ያጥረኛል።

የተማረውን ሰው ከወቀስኩ ዘንድ ዘወትር አዳራሹን የሚሞላውንም ተመልካች ሳልወቅስ ማለፍ አድልዎ ይሆናል። እርሱም የራሱ ሁለት ጥያቄዎች አሉት፤ «ማን ይሠራበታል?» እና «ምን ያስተምራል?»። የመጀመሪያው ጥያቄ በዓለም ዙሪያ ያለ ነውና ብዙ አልቆይበትም። ሁለተኛው ግን የእኛው ነው፤ ጠለቅ ብሎም ሥር ሰድዷል። ከፊልም ምርቃት በኋላ ተዋናዮቹ ለቃለ መጠይቅ ሲቆሙ ጋዜጠኛው «የፊልሙ መልእክት ምንድን ነው?» ብሎ ይጀምራል፤ ተዋናዩም ስለ ፍቅር፣ ስለ መተሳሰብ ወይም ስለ ሱስ ጎጂነት ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ይሄዳል። ሁለት ሰዓት የፈጀው ፊልም በሁለት ዓረፍተ ነገር ይተካ ከነበረ መጀመሪያውኑ ለምን ተደከመ?

ይህ የመልእክት ፍላጎት ከሰማይ አልወረደም። በደርግ ዘመን ኪነ ጥበብ ለአብዮቱ ማገልገል ነበረበት፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ድራማና ፊልም ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊትና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ እንዲያስተምር በሚፈልጉ ድርጅቶች ገንዘብ ተሠርቷል። ያ ሥራ በጊዜው ሰው አትርፎ ሊሆን ይችላልና አልንቀውም። በውጤቱ ግን ፊልም ማለት በተዋናይ አፍ የሚነገር ምክር ነው የሚል እምነት ተተከለ፤ ክፉው ካልተቀጣ፣ የተጣሉት ካልታረቁ፣ መጨረሻው ካልታሰረ «ፊልሙ አላለቀም» እያልን ከአዳራሽ የምንወጣው በዚህ የተነሳ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ሕዝብ ትዝታ ሲሰማ «ምን ያስተምራል?» ብሎ አይጠይቅም። ማሲንቆ ተይዞ እንጉርጉሮ ሲንቆረቆር መልእክቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር አጠቃልልልን የሚል ሰው ቢነሳ የሚስቁበት እኒያው የፊልም ተመልካቾች ናቸው። ጆሯችን ያልተቋጨ ኀዘን ተቀብሎ ማደር ይችላል፤ ዓይናችን ግን ምክር ካልተጨመረበት አልቀበልም ይላል። ይህ የተፈጥሮ ነገር ሳይሆን ልማድ ስለሆነ፣ ሌላ ልማድ ሊተካበት ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉም የከበደውና በቅንነት ልንነጋገርበት የሚገባው ክስ ግን «ይህ ለፈረንጅ የተሠራ ፊልም ነው» የሚለው ነው። ፊልሙ ገጠር ከሆነ፣ ገበሬ ካለበት፣ ጎጆ ከታየበት፣ በውጭ አገር ፌስቲቫል ደግሞ ሽልማት ካገኘ፣ «ድህነታችንን ሸጦ ተሸለመ» ይባላል። ይህ ጥርጣሬ ያለ ምክንያት የመጣ እንዳልሆነ በሚገባ አውቃለሁ። በ1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም አሳየ፤ ያንኑ ፊልም ደርግ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር እያፈራረቀ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በቴሌቪዥን አስተላለፈው፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ መሐመድ አሚን ከኮረም የቀረጸው ምስል በቢቢሲ ተላልፎ ዓለምን አንቀሳቀሰ፤ እርዳታ መጣ፤ ግን የአገራችን ስም ለብዙ ዓመታት ከአንድ ምስል ጋር ተጣብቆ ቀረ። በዋሽንግተን፣ በለንደን ወይም በስቶክሆልም ያደገ ልጅ ከኢትዮጵያ ነኝ ሲል ስለ ረሃብ የተጠየቀበትን ቀን አይረሳውም። ካሜራ ወደ ገጠር በዞረ ቁጥር የሚደነግጥ ሕዝብ ብንሆን አይፈረድብንም።

ሆኖም ከዚህ ቁስል የተነሳ የገዛ አገራችንን ገበሬ ከስክሪን ማባረር ሌላ በደል ነው። የሚለየው ጎጆ መታየቱ አይደለም፤ ማን እያየ ነው፣ ስንት ጊዜ ቆሞ እያየ ነው፣ የሚታየው ሰውስ ይናገራል ወይስ ይነገርለታል የሚለው ነው። የዜና ካሜራ ለጥቂት ሰኮንድ የተራበ ፊት አሳይቶ ያልፋል፤ ሰውየው ስም የለውም፣ ቃልም የለውም፣ በላዩ ላይ የሚናገረው የሌላ ሰው ድምፅ ነው። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1974፣ የንጉሡ መንግሥት በሚፈርስበት ወራት፣ ከሎስ አንጀለስ ትምህርቱ መጥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የቀረጸው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በዚያ ጥቁርና ነጭ ፊልም ውስጥ የጭሰኛው ቤተሰብ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ከብት ይጠብቃል፣ በባለ መሬቱ ይሰደባል፤ ተዋናዮቹም የሙያው ሰዎች ስላልሆኑ አያማርሩም፣ ለካሜራ ብለውም አያለቅሱም። ከበበ የሚባል፣ መሬቱን የተነጠቀና ሰው እንደ እብድ የሚቆጥረው ገጸ ባሕርይ አለ፤ በመንደሩ ውስጥ እውነቱን ጮኾ የሚናገር እርሱ ብቻ ነው። ይህን ፊልም ያየ ሰው ገበሬውን ሊያዝንለት አይመቸውም፤ ገበሬው ራሱ ተቆጥቷልና። ይህ ለፈረንጅ የተሠራ ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ የትኛው ፈረንጅ ስለ ጭሰኝነት እንዲህ እንዲነገረው እንደጠየቀ ያስረዳኝ።

የኃይሌ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የፊልም ጽሑፍ ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት በዋጋዱጉ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል (ፌስፓኮ) ዋናውን ሽልማት የወርቅ ፈረሱን ሲያገኝ፣ ከጀርመን ተምሮ ወደ ትውልድ መንደሩ ስለተመለሰና ያሰበው አገር ስለጠፋበት ሰው የሚያወራ ፊልም ነበር። ይህ የስንት ቤት ታሪክ ነው? የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ በመግባት ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆነ፤ ታሪኩ እናቱ የሞተችበት፣ ወጥ መሥራት የሚወድና በግ የሚጠብቅ ልጅ ታሪክ ነው፤ አጎቱ ምግብ ማብሰል የሴት ሥራ ነው ብሎ ይቆጣዋል። ይህን ጠብ ለመረዳት ከሃበሻ ቤት በላይ የሚቀርብ ማን አለ? በሐረር ያደገችው ጄሲካ በሺር አሥር ዓመት ገደማ ስትቀርጸው ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2021 ያቀረበችው «ፋያ ዳዪ» ስለ ጫት፣ ስለ ስደትና ስለ አባትና ልጅ ነው። እነዚህን ሥራዎች ከእኛ በፊትና ከእኛ በላይ ያዩአቸው የውጭ ሰዎች ናቸው፤ እኛ ያላየነውን ፊልም ለሌላ ሰው የተሠራ ነው እያልን በእጃችን ለሌላ ሰው ሰጥተናል። ከመካከላቸው አንዱ በእርግጥ ዓይኑ ወደ ውጭ የዞረ ሊሆን ይችላል፤ ተመልካች አይቶ እንዲህ ቢል መብቱ ነው፣ እኔም በአንዳንዱ ልስማማ እችላለሁ። የምቃወመው ትኬት ሳይቆረጥ የሚነገረውን ነው።

ስለ ጥቁርና ነጭ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ሰው «አሮጌ ፊልም» ብሎ የሚያልፈው የቀለም ፊልም ከመኖሩ በፊት የተሠራ መስሎት ነው፤ «ፋያ ዳዪ» ግን በቅርቡ፣ ቀለም ለሁሉም ስልክ በተሰጠበት ዘመን፣ በምርጫ ቀለሙን የተወ ፊልም ነው፤ የጢሱንና የጭጋጉን ዓለም በሌላ መንገድ ማሳየት ባልተቻለ ነበር። ስለ ዝግታም እንዲሁ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ መኪና ካልተገለበጠ ስልኩን የሚያወጣ ተመልካች አውቃለሁ፤ ቅዳሴ ላይ ግን ሰዓታት ይቆማል። ትዕግሥት አለን፤ ለፊልም ሲሆን ግን ልንከፍለው አልፈቀድንም።

የቋንቋው ነገር ከዚህ ይረዝማል። «ሕዝባችን ጽሑፍ እያነበበ ፊልም አያይም» ይባላል። ግን በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት በአግዳሚ ወንበር ተጨናንቆ የውጭ አክሽን ፊልም ያየ ትውልድ እንግሊዝኛውንም ሆነ ቻይንኛውን ሰምቶ ሳይገባው አልቀረም፤ ካልገባው አጠገቡ ያለው ይተረጉምለት ነበር፤ በኋላም ተራኪው በአማርኛ የሚያወራበት «ትርጉም ፊልም» መጣ። በ2008 ዓ.ም. ካና ቴሌቪዥን የቱርክና የሌሎች አገሮችን ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ሲጀምር፣ የአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ሥራችን ይጠፋል፣ ባህል ይበረዛል ብለው በብርቱ ተቃወሙ። ስጋታቸው በገንዘብ ረገድ ከንቱ አልነበረም። ለዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ግን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ሌላው ነገር ነው፦ እስከ ትናንት የኢስታንቡልን መንገድ አይቶ የማያውቅ ቤተሰብ የሙሉ ምሽቱን ሰዓት ለቱርክ ቤተሰብ ጠብ ሰጠ። «የእኛ ተመልካች የማያውቀውን አገር አያይም» የተባለው ምን ሆነ? ጣዕም የተፈጥሮ ዕድል ቢሆን ኖሮ በአንድ ወቅት ውስጥ እንዲህ አይገለበጥም ነበር። ተመልካቹ እንዲገባው ተደርጎ፣ በሚመቸው ሰዓት፣ በተከታታይ የቀረበለትን ተቀበለ፤ ይህንኑ ለሌላ ዓይነት ፊልም የሞከረለት ግን እምብዛም የለም።

በቋንቋ ረገድ አንድ የሚያሳፍር ነገር አለ። በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ የአገራችን ቋንቋ የተሠራ ፊልም የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ተጽፎለት በአዲስ አበባ አዳራሽ ሲታይ እምብዛም አናይም። የአማርኛውም ፊልም በሌሎቹ ቋንቋዎች ተጽፎለት ሲሄድ አናይም። የቱርኩን ሰው በአማርኛ አናግረን ለጎረቤታችን ግን ጽሑፍ አልጻፍንለትም። ደግሞም የህንድን ፊልም ጉዳይ አንርሳ፤ በሲኒማ ራስና በሌሎቹ አዳራሾች ያደገው ትውልድ በህንድ ፊልም አልቅሷል፣ ዘፈኑንም ቃሉ ሳይገባው በቃሉ ይዟል፤ ዛሬ ግን የተጋነነ ታሪክ ሲሰማ «የህንድ ፊልም አደረግከው» ብሎ የሚቀልደው እርሱው ነው። በሂንዲ፣ በታሚል፣ በቴሉጉ፣ በማላያላምና በቤንጋሊ የሚሠራ የብዙ ቋንቋ ሲኒማ በአንድ ቀልድ ተጠቃለለ። እ.ኤ.አ. በ1955 ሳትያጂት ሬይ በቤንጋል መንደር ስላለ አንድ ድኻ ቤተሰብ የሠራው «ፓተር ፓንቻሊ» ዳንስ የለበትም፣ በአየር ላይ የሚበር ጀግናም የለበትም፤ አንዲት አሮጊት፣ ሁለት ልጆችና ከሩቅ የሚያልፍ ባቡር አሉበት። ወሎም ሆነ ወለጋ ላደገ ሰው ከብዙ የሆሊውድ ፊልም ይልቅ የሚቀርበው ይህ ነው ብል አላጋነንኩም።

የተከበራችሁ ሥራ አስኪያጆች፤ እናንተን የሚያስጨንቃችሁ ሒሳብ እንደሆነ አውቃለሁ። የአዳራሽ ኪራይ፣ መብራት፣ ጄኔሬተር፣ ግብርና የሠራተኛ ደመወዝ አለባችሁ፤ ሰው ደግሞ ፊልሙን ቤቱ ቁጭ ብሎ በዩቲዩብ እያየ ነው። ባዶ ወንበር ፊት ፌስቲቫል ክፈቱ ብዬ አልጠይቃችሁም። ነገር ግን «ተመልካች የለውም» የሚለው ቃል በሌላ አገር እንዴት እንደተሰበረ ልንገራችሁ፤ የሰበረውም የአገራችን ሰው ነው። ኃይሌ ገሪማ ስለ ባርነት የሠራው «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቢቀርብም የአሜሪካ አከፋፋዮች አንወስደውም አሉ፤ ለእንዲህ ያለ ታሪክ ገበያ የለም የሚል ነበር ፍርዳቸው። እርሱና ባልደረቦቹ ከዋሽንግተን ጀምረው ቲያትር ቤት ራሳቸው እየተከራዩ፣ በየከተማው ከጥቁር ማኅበረሰብ ቤተ ክርስቲያኖች፣ ማኅበራትና መምህራን ጋር እየተነጋገሩ ፊልሙን ይዘው ዞሩ። አዳራሾቹ ለሳምንታት ሞሉ። በዚያ ፊልም ስም የተሰየመው የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ዛሬም ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት አለ፤ በዋሽንግተን የምትኖሩ ወገኖቻችን ታውቁታላችሁ። ተመልካቹ ከመጀመሪያውም ነበረ፤ አከፋፋዮቹ ግን ሊጠሩት አልሞከሩም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። ከሳምንቱ ቀናት ውስጥ አዳራሻችሁ በልማድ ባዶ የሚሆንበትን አንድ ምሽት፣ ለምሳሌ ማክሰኞን፣ ሳትቀያይሩና ሳትሰርዙ ለአንድ ዓመት ለእንዲህ ያሉ ፊልሞች ስጡ። ቀኑና ሰዓቱ ካልተለዋወጠ ሰው ይለምደዋል፤ ዛሬ ታይቶ ለሦስት ወር የሚጠፋ መርሐ ግብር ግን ወዳጅ አያፈራም። የውጭውና የሌላው የአገራችን ቋንቋ ፊልም በትልቅ ፊደል፣ ከኋላ ወንበርም በሚነበብ የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ይቅረብ፤ ትርጉሙን ሥነ ጽሑፍና ቋንቋ ለሚያጠኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብትሰጡት ወጪው ይቀልላል፣ ተማሪዎቹም ጓደኞቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ፖስተሩ አይዋሽ፤ ዝግ ያለ ፊልም ከሆነ በፖስተሩ ላይ ሽጉጥ አትሳሉበት፣ ተታልሎ የገባ ሰው ሁለተኛ አይመለስም። ከፊልሙ በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው አምስት ደቂቃ ይናገር፤ አምስት ማለቴ አምስት ነው፣ ንግግር የሚወድ ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ትኬቱ ለተማሪ ይቀነስ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ገቢ ቆጥራችሁም አትፍረዱ፤ የቱርክን ድራማም ቢሆን በአንድ ምሽት ብቻ ማንም አልለመደውም። የቴሌቪዥን ኃላፊዎችም እንዲህ ያለ ፊልም ስታገኙ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አትቅበሩት፤ ከዚያም «ማንም አላየውም» ብላችሁ ሪፖርት አትጻፉ።

ተመልካቾች ሆይ፣ እኔም ከእናንተ አንዱ ነኝና በድፍረት እናገራለሁ። የአማርኛ ፊልም የማታዩ ወገኖቼ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ የምታምኑትን ሰው ጠይቃችሁ፣ አንድ የአገር ውስጥ ፊልም በአዳራሽ እዩ፤ ካልወደዳችሁት የሚቀጥለው ዓመት የእናንተ ነው። ከፍቅር ኮሜዲ ሌላ የማትገቡ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በማክሰኞው ምሽት የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ስልካችሁን ሳታወጡ ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ ብትወጡ ማንም አይወቅሳችሁም። «አልወደድኩትም» ማለት የተመልካች ሙሉ መብት ነው፤ ይህን የሚለው ሰው ምኑን እንዳልወደደው ማስረዳት ስለሚችል ፊልም ሠሪውም ከእርሱ ይማራል። «የእኔ ዓይነት ፊልም አይደለም» ብሎ ከበር የተመለሰ ሰው ግን ለማንም የሚነግረው ነገር የለውም።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ፊልም ምን ይሁን ብላችሁ ብትጠይቁኝ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይሁን እላለሁ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፣ ዝግ ይላል፣ የገጠር ነው፣ የሚታወቅ ተዋናይ የለበትም፣ በውጭ አገር ሰው ዘንድም ከእኛ ይልቅ ይታወቃል፤ ክሱ ሁሉ በአንድ መዝገብ ተጠቃሎ ስለሚገኝበት ነገሩን በአንድ ምሽት መመርመር ይቻላል። ቋንቋውም አማርኛ ስለሆነ ለትርጉም የምታወጡት ገንዘብ አይኖርም።

መልሳችሁን በአክብሮት እጠባበቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሲኒማ ቤት ደንበኛ
አዲስ አበባ